የጣና ዳር ወፎች በክረምትና በበጋ

ከባሕር ዳር፣ ከፋሲሎ ተነስተን የሐይቁን ዳር ስንከተል ደንገል፣ ረግረግ፣ ሣርና ማሳ እናገኛለን። ይህ የወፎች አገር ነው። ወፍ ለማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ማለዳ ተነስቶ ዝም ብሎ መቆም ይበቃል።

በክረምት ሐይቁ ይሞላል። ውሃው ሣሩን ይሸፍናል። በዚህ ጊዜ ራሱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ወርቃማ ላባ ያለው ረጅም ወፍ ረግረጉ ውስጥ ጎጆ ይሠራል። ይህ ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሰበር ጉዳቱ ትልቅ ነው።

ከመስከረም በኋላ ውሃው ይቀንሳል። ባሕር ሸሹ መሬት ይገለጣል። በጥቅምትና በኅዳር እንግዶች ይመጣሉ። ግራጫ፣ አንገተ ረጅም ወፎች ናቸው። በሰማይ ላይ ተሰልፈው እየጮኹ ይደርሳሉ። የሚነሱት ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ነው። እኛ በጋ ስንገባ እዚያ በረዶ መሬቱን ይሸፍናል፤ ምግብ ይጠፋል።

እንግዶቹ ቀን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ የረገፈ እህልና ትል ይለቅማሉ። ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ለምን ውሃ ውስጥ? አውሬ ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ ሰምተው ይነሳሉ። በየካቲትና በመጋቢት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

ታዲያ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? ረግረጉ የወፍ ቤት ብቻ አይደለም። አምባዛና ቆሮሶ እዚያ ይራባሉ። ደንገሉ ጎርፍ ያመጣውን ደለል ይይዛል። ታንኳም ከእሱ ይሠራል። መሬት የጠበበው ገበሬ ባሕር ሸሹን ቢያርስ አይፈረድበትም። ግን እስከ ውሃው አፍ ድረስ ከታረሰ ወፉም ዓሣውም ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ፤ ከብቱንም ዓሣ አጥማጁንም አስቸገረ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አሰፈረው። መዝገብ ብቻውን ግን ረግረግ አይጠብቅም። ጠባቂው ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

እንግዲህ ደንገሉን ከነሥሩ አንንቀል። እረኞች ጎጆ እንዳይነኩ እንምከር። ወፍ ሽምብራችን ላይ ቢያርፍ ጮኸን እናባርረው እንጂ መርዝ አንጨምር። መርዙ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ውሃውን ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

አሁን ማንበብና መጻፍ ችለናል። ያየነውን ደብተር ላይ እንጻፍ። እንግዶቹ መቼ መጡ? የት አረፉ? ስንት ናቸው? ለከርሞ ሲመጡ ደብተሩን ገልጠን እናነባለን። መቀነሳቸውን ወይም መጨመራቸውን በግምት ሳይሆን በቁጥር እናውቃለን።