የዓሣው ነጥብ ጠፋ፤ በሽታውስ?

በሬ ሲታመም ሰፈሩ ይጨነቃል፤ በቅሎ ስታነክስ ወጌሻ ይፈለጋል። ዓሣ ታመመ ሲባል ግን ብዙ ሰው ይስቃል። ዓሣን የምናውቀው በማዕድ ላይ ሲቀርብ ነው እንጂ አስታማሚ ሲፈልግ አይደለምና። እኔም ብሆን ነገሩ በደረሰበት ወዳጄ ምክንያት ካልተማርኩት በቀር እንደ ሌላው እስቅ ነበር።

ይህ ወዳጄ በኮሌጅ አብሮኝ የተማረ ሲሆን ዛሬ የሚኖረው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ነው። ከሥራ ሲመለስ ድካሙን የሚረሳው በሳሎኑ ውስጥ ባቆመው 300 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ፊት ተቀምጦ ነው። በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚሆን የባሕር ጨው ተመዝኖ ገብቶበታል። በውስጡም ኮራል፣ ቀንድ አውጣና ጥቂት ዓሦች ይኖራሉ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ገላው ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነውን የቀይ ባሕር ዓሣ ነው። የዚህ ዓሣ ወገኖች በጅራታቸው ሥር እንደ ሰንጢ የሰላ እሾህ ስላላቸው ፈረንጆች «የቀዶ ሐኪም ዓሣ» ይሏቸዋል። እንግዲህ ታሞ ሐኪም ያስፈለገው ይኸው ሐኪም የተባለው ነበር።

አንድ ማታ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። «አንተ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህም? ዓሣዬ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ገላውንም ከድንጋይ ጋር ያክካል። ምን ይሻለኛል?» አለኝ። መጽሐፍ ላገላብጥ ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁት። መልሱን ሳላዘጋጅ በአራተኛው ቀን እንደ ገና ደወለና «ተወው፣ ድኗል! አንድም ነጥብ የለበትም» ብሎ አበሠረኝ። ሁለታችንም ደስ አለን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ነጥቡ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። አሁን የታመመው አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነበር። በማግሥቱም ጠዋት ነጭ ቀበቶ የታጠቀችው ትንሿ ብርቱካንማ ዓሣ ሞታ ተገኘች።

ስሕተታችን የት ላይ ነበር?

ነጩን ነጥብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል በዓይን ለማየት እጅግ የሚያዳግት ጥገኛ ተውሳክ ነው። ይህ ተውሳክ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ያህል ይመገባል። ሲጠግብ ዓሣውን ለቆ ይወርድና በአሸዋው ወይም በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ እንደ እንቁላል ባለ ሽፋን ራሱን ይሸፍናል። ነጥቡ ጠፋ፣ ዓሣው ዳነ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን በሽፋኑ ውስጥ ያለው አንዱ ተከፋፍሎ ሁለት መቶና ከዚያም በላይ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፋኑን ቀዶ ይወጣና ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። በትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣ ማጣት የለም። ስለዚህ ወዳጄ የፈነጠዘበት ቀን በሽታው ለሁለተኛው ዘመቻ ሠራዊቱን የሚያሰልፍበት ቀን ነበር።

መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን

የታመመ ዓሣ ያለው ሰው ወደ መድኃኒት ከመሮጡ በፊት ውሃውን ይመርምር። ሁሉም ዓሦች ባንድ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሱና ወደ ውሃው ፊት ከወጡ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ነው። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በጤነኛ ገንዳ ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም በመለኪያው ላይ ዜሮ ሊሆኑ ይገባል። የጨዉ መጠንና ሙቀቱም ይለካ።

ውሃው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዓሣውን በጥሞና መመልከት ነው። ነጥቡ እንደ ጨው ቅንጣት ተለይቶ የሚቆጠር ከሆነ ክሪፕቶካርዮን ሳይሆን አይቀርም። እንደ ዱቄት ብናኝ የደቀቀ፣ በጎን ሲያዩት ወርቅማ የሚመስል ከሆነና ዓሣው በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ግን አሚሉኡዲኒየም የሚባለው ሌላ ተውሳክ ነው። ይህኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዳውን ባዶ ሊያደርግ ስለሚችል ለነገ የሚባልለት አይደለም። ነጥብ ሳይኖር ወፍራም ልጋግ ከገላው እየተላጠ ከወረደ ደግሞ ሦስተኛ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ፎርማሊን ነው። በሽታው ተለይቶ ሳይታወቅ መድኃኒት መጨመር በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ይቆጠራል።

መድኃኒቱና መለኪያው

ብራውን የተባሉ ተመራማሪ የዱቄቱን ተውሳክ እ.ኤ.አ. በ1931፣ የጨው ቅንጣቱን ደግሞ በ1951 በሳይንስ ስም ሰይመው ገልጠዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የስታይንሃርት የዓሣ ማሳያ ባልደረባ የነበሩት ሮበርት ዴምፕስተር በ1955 የመዳብ ሰልፌት የዱቄቱን በሽታ እንደሚያድን ጽፈዋል። መዳብ እስከ ዛሬ ለሁለቱም በሽታዎች ዋና መድኃኒት ነው።

ሆኖም መዳብ መድኃኒትም መርዝም ነው። ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይፈጃል። አሸዋውና ድንጋዩም ይመጥጡታል። ስለዚህ በዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። ለሕክምና አሸዋና ድንጋይ የሌለበት ሌላ ትንሽ ገንዳ ይዘጋጃል። ማሞቂያ፣ አየር መንፊያና ዓሣው የሚሸሸግበት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይበቁታል። ጤነኛ የሚመስሉትም ዓሦች ሁሉ አብረው ይገባሉ። የተራው መዳብ መጠን በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነው፤ ሌላ ዓይነት የመዳብ መድኃኒት የገዛ ሰው ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይከተል። መጠኑ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ በየቀኑም ይለካል። ከዚህ ቢያንስ ተውሳኩ አይሞትም፤ ቢበዛ ዓሣው ይሞታል። መዳብ የሚያገኘው በውሃው ውስጥ የሚዋኘውን ተውሳክ ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውን አይነካውም። ሕክምናው ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈጀውም ስለዚህ ነው። ውሃ በሚለወጥበትም ጊዜ አዲሱ ውሃ በዚያው መጠን መዳብ ሊኖረው ይገባል።

በዚህ መካከል ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ይቆያል፤ የሚያድረውን ያጣ ተውሳክ እዚያው ያልቃልና። ከስድስት ሳምንት ማነስ የለበትም። ከሽፋኑ እጅግ ዘግይቶ የሚወጣ ተውሳክም ስለሚያጋጥም ጥንቃቄ የሚያበዙት 76 ቀን ይጠብቃሉ።

ወዳጄ 76ቱን ቀን ቆጠረ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዓሣ ሞተበት። በሦስተኛው ሳምንት ነጥብ ፈጽሞ ስላላየ «አሁንስ ልመልሳቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ባለፈውም ነጥብ አልነበረም» አልኩት፤ ዝም አለ። ቀኑ ሲሞላ ሐምራዊው ዓሣ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዛሬም ይዋኛል። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ አዲስ ዓሣ ሲገዛ 30 ቀን ለብቻው ሳያቆይ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅልም።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ዓሣው በሽታውን ደብቆ አልነበረም፤ ከአሸዋው ሥር ሲደበቅ ያላየነው እኛ ነን። ያቺ ብርቱካንማ ዓሣ የሞተችው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን እኛ ቸኩለን ስለ ተደሰትን ነው።