ሃላኮ፣ አይጥና ማደንዘዣ

ወላይታ ሃላኮ፣ አማርኛ ሽፈራው የሚለው ዛፍ ቅጠሉ ይበላል፤ የስኳር ሕመምተኞችም ተስፋ ይጥሉበታል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራ፣ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ የወጣው ጭማቂ የጥንቸሎችን የደም ስኳር ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ብዙ ዕፅዋት በአይጦች ላይ ተፈትነዋል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ሳነብ አስቀድሜ የምፈልገው ስለ ማደንዘዣው የተጻፈውን መስመር ነው።

በፈተናው ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን የተባለ ኬሚካል የቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ያጠፋል፤ ከዚያ ስኳሩ ከጅራት ጫፍ በተወሰደች ጠብታ ደም በግሉኮሜትር ይለካል። ለዚህ ማደንዘዣ ብዙም አያስፈልግም። ደም ከልብ ሲቀዳ ግን እንስሳውን ማደንዘዝ ግድ ነው፤ አለማደንዘዝ ጭካኔ ነው፣ ሥቃዩም በራሱ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

በቤተ ሙከራ የተለመደው የኬታሚንና የዛይላዚን ድብልቅ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የአይጥ ጥናት፣ ድብልቁ የበሉትን አይጦች ስኳር ወዲያው ከፍ ሲያደርግ የጾሙትን ግን እንዳላደረገ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ዛይላዚን ነው፤ በቆሽት ሕዋሳት ላይ ካሉት የአልፋ-2 ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ ኢንሱሊን እንዳይወጣ ያግዳል። ዮሂምቢን የሚባለው መድኃኒት ይህን ተጽዕኖ ያለዝበዋል። በትንፋሽ የሚሰጠው አይሶፍሉሬንም ኢንሱሊንን ይገታል። ኤተር የጭንቀት ሆርሞኖችን ይቀሰቅሳል። ፔንቶባርቢታል በአንጻሩ ስኳሩን እምብዛም አይነካም፤ ነገር ግን አተነፋፈስን ስለሚያዳክም መጠኑ ጥንቃቄ ይሻል።

ታዲያ አይጦቹን ማስጾም መፍትሔ ነው? በከፊል። ሌሊቱን ሙሉ የጾመች አይጥ የጉበቷ የስኳር ክምችት ይሟጠጣል፤ ስለዚህ የሚለካው ስኳር የጤናማ ቀኗን አይመስልም። ማነጻጸሪያው ቡድን በዚያው ማደንዘዣ፣ በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት ካልተለካ ደግሞ፣ ለቅጠሉ የተሰጠው ውጤት የማደንዘዣው ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ በአይጥ ብቻ አያበቃም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ በዚህ ሙያ ዛይላዚን የከብት መድኃኒትም ነው። ከብት ከፈረስ ይልቅ ለዛይላዚን እጅግ ስስ ስለሆነ የሚሰጠው የፈረሱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በከብትም ላይ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሽንትም ያበዛል። የደም ስኳሩ መታወቅ ያለበት ላም ወይም በሬ ካለ፣ ናሙናው ከመርፌው በፊት መቀዳት አለበት።