ክሱ በአውሮፓ፣ ጉዳቱ በካሪቢያን

ስኳር በዓለም ገበያ ፖለቲካ ከተጫናቸው ሸቀጦች አንዱ ነው። ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ የፈረሰው “የስኳር ፕሮቶኮል” ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በ1975 በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ከተፈረመው ስምምነት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ተዋዋዮቹ የያኔው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብና የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ ስኳር አምራቾች ነበሩ። ብሪታንያ በ1973 ማኅበረሰቡን ስትቀላቀል የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ስኳር ገበያ እንዳያጣ በመታሰቡ ነበር ውሉ የመጣው። አውሮፓ በየዓመቱ 1.3 ሚሊዮን ቶን ያህል በተረጋገጠ ዋጋ ሊገዛ፣ እነሱም ሊያቀርቡ ተስማሙ። ለውሉ የጊዜ ገደብ አልተቀመጠለትም።

በ1974 መጨረሻ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ60 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ደርሶ ስለነበር፣ ውሉ ለሻጮቹ ብዙም የሚያጓጓ አይመስልም ነበር። በ1985 ዋጋው ከ3 ሳንቲም በታች ሲወርድ ግን ጥቅሙ ታየ። ዋጋውን በዓለም ደረጃ ከ11 እስከ 21 ሳንቲም ባለው ውስጥ ለመያዝ የታለመው የ1977ቱ ዓለም አቀፍ የስኳር ስምምነት ደግሞ ሳይሳካ ቀረ። አንዱ ምክንያት አውሮፓ ከስምምነቱ ውጭ ሆና የራሷን ስኳር በድጎማ መላኳ ነው።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነበር። አውሮፓ ጥሬ ስኳር ከሞሪሸስና ከሌሎቹ በቶን 523.7 ዩሮ ትገዛ ነበር፤ ይህም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዓለም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነበር። የራሷ ገበሬዎች በስኳር ድንች መሰል ሥር፣ ማለትም በስኳር ቀይ ሥር፣ ከሚያስፈልጋት በላይ ያመርቱ ነበር። ትርፉን በድጎማ ለዓለም ገበያ ታፈሰው ነበር። ብራዚል፣ አውስትራሊያና ታይላንድ በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሷት፤ በ2005ም ረቷት።

ፍርዱ ስህተት ነበር ማለት ይከብዳል፤ ድጎማው ሌላውን ገበሬ ይጎዳ ነበርና። ሆኖም ያልተከሰሱት ደሴቶችም አብረው ከፈሉ። አውሮፓ ከ2006 ጀምሮ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ በ36 በመቶ ቀነሰች፤ 523.7 የነበረው 335.2 ዩሮ ሆነ። ፕሮቶኮሉንም በ2007 እንደምታፈርስ አሳውቃ፣ መስከረም 30 ቀን 2009 አበቃ። ሴንት ኪትስ ከ300 ዓመታት በላይ የኖረችበትን የስኳር ኢንዱስትሪ በ2005 ዘጋች። ሞሪሸስ ፋብሪካዎቿን አዋህዳ፣ ነጭ ስኳር ማጣራትና ከአገዳ ገለባ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ላይ በማተኮር ተረፈች። ማስተካከያ ይሆናቸው ዘንድ አውሮፓ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ መደበች፤ ትናንሾቹን ግን አላዳነም።

ኢትዮጵያ የፕሮቶኮሉ አባል አልነበረችም። በሯ የተከፈተው በ2001 ለድሃ አገሮች በተፈቀደው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነበር፤ ለስኳር ግን ኮታው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ2009፣ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። መንግሥት በ2010 ከዓለም ታላላቅ ስኳር ላኪዎች ተርታ የመግባት ዕቅድ አወጣ። በቀጣዮቹ ዓመታት የታየው ግን ከውጭ የሚገባ ስኳርና በሸማች ማኅበራት ደጃፍ የተዘረጋ ሰልፍ ነበር። አውሮፓም በ2017 የራሷን ገበሬዎች የምርት ኮታ አነሳች።