እንዝርትና ፊዚክስ፦ ጥቂት ጥጥ እንዴት ጠንካራ ክር ይሆናል?

በዩናይትድ ስቴትስ ሚኔሶታ ግዛት፣ “መንትያ ከተሞች” በሚባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ክር በእጅ መፍተል የትርፍ ጊዜ ሙያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1940 የተመሠረተው የሚኔሶታ የሸማኔዎች ማኅበር ከሽመናና ከማቅለም ጎን ለጎን መፍተልንም ያስተምራል። ተማሪዎቹ የሚመጡት ክር አጥተው አይደለም፤ ክር በየሱቁ ሞልቷል። የሚፈልጉት አሠራሩን በገዛ እጃቸው ማወቅ ነው።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከበግ ጠጉር ነው። ጥጥ አስቸጋሪ ስለሚባል እጅ እስኪለምድ ድረስ ይቆያል። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ልጃገረዶች ከእናታቸው ሥር ቁጭ ብለው መፍተልን የተማሩት በዚያው አስቸጋሪ በተባለው ጥጥ ነው። ጥጥን ከባድ ትምህርት ያደረገው ምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ክር የሚጠነክርበትን ምክንያት ማየት ያስፈልጋል።

ጥንካሬው ከየት ይመጣል?

ከባዘቶ ላይ ጥቂት ጥጥ ቆንጥረው ሁለቱን ጫፎች ቢስቡ በቀላሉ ይለያያል። ያንኑ ጥጥ በጣቶችዎ መካከል ደጋግመው ካዞሩት በኋላ ቢስቡት ግን እምቢ ይላል። ሙጫ አልተጨመረበትም፤ የተጨመረው መጠምዘዝ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ቀጭን የጥጥ ቃጫ፣ በሙያው አጠራር ፋይበር፣ በክሩ ውስጥ እንደ ሐረግ ዙሪያውን ይጠመጠማል። ክሩ ሲሳብ የተጠመጠሙት ፋይበሮች ወደ መሐል ይጨማመቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሰበቃም ይጨምራል። ስለዚህ ሊበጥሰው የመጣው ኃይል ራሱ ፋይበሮቹን ይበልጥ ያያይዛቸዋል። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባላል፤ ፊዚክሱ ደግሞ ድሩ ራሱ ድር ለመሆን አስቀድሞ መጠምዘዝ እንዳለበት ይነግረናል።

የመጠምጠም ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በቀመር አሳይቷል። ግንድ ላይ የተጠመጠመ ገመድ እናስብ። በግንዱና በገመዱ መካከል ያለው የሰበቃ መለኪያ 0.3 ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር የመያዝ አቅሙን 6 ጊዜ ተኩል ያህል ያሳድገዋል፤ ሦስት ዙር ደግሞ ከ280 ጊዜ በላይ። በክር ውስጥ ያለው ሁኔታ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ መሠረቱ ያው የሰበቃ ሕግ ነው።

ጥጥና የበግ ጠጉር

የበግ ጠጉር ፋይበር ብዙ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ላዩ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ፣ አካሉም የተጠቀለለ ስለሆነ እርስ በርሱ በቀላሉ ይያያዛል። የጥጥ ፋይበር ግን በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አጭር ፋይበር ጎረቤቱን የሚነካበት ርዝመት ትንሽ በመሆኑ፣ እንዳያመልጥ በርከት ያለ ዙር ይፈልጋል።

የጥጥ እንዝርት ቀላልና ፈጣን መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ከባድ እንዝርት በክሩ ላይ ሲንጠለጠል ገና ያልጠነከረውን ፈትል ይበጥሰዋል። በእንጨቱ ላይ የተሰካው ክብ ነገር የመዞርን ጉልበት ያከማቻል፤ ሰፋ ያለው ረጅም ጊዜ፣ ጠበብ ያለው በፍጥነት ይዞራል። ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ በመዳፏ ስታንከባልል ያንን ጉልበት እየሰጠችው ነው።

ልኩን ማወቅ ግን የእጅ ሥራ ነው። የላላ ክር ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ የከረረውም በራሱ ላይ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ሁለት ፈትሎችን መጀመሪያ ከዞሩበት በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ ማዞር ይህን መጠቀለል ያረግበዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ፈታዮች ጎርበጥ ያለውን ክር የሚያስተካክሉበት ዘዴ ነው። ቀጭኑ ቦታ በቀላሉ ስለሚጠመዘዝ ዙሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ወፍራሙ ቦታ ላላ እንዳለ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ክሩ በዝግታ ሲሳብ፣ የከረረው ቀጭን ቦታ ይጸናል፣ የላላው ወፍራም ቦታ ደግሞ ተንሸራቶ ይቀጥናል። ክሩ በራሱ ሕግ ይስተካከላል፤ የፈታይዋ ድርሻ ጊዜውን በጣቷ ማወቅ ነው።

ከእጅ ወደ እጅ

በኢትዮጵያ ጥጥ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ሆኖ ይፈተላል፤ ከዚያም ወደ ሸማኔው ይሄዳል። እንደ መንዝ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች ደግሞ የበግ ጠጉር እየተፈተለ በርኖስና ዝተት ይሠራበታል። ዛሬ ግን በብዙ የሽመና ቤቶች ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል በአመዛኙ ለማግ ቀርቷል።

ሸማው ሲመሰገን የሸማኔው ጥበብ ይነሣል፤ የፈታይዋ እምብዛም። የእሷ ሙያ በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ነው፤ አንድ ትውልድ ካልተቀበለው ይቋረጣል። ሚኔሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ግዛት ናት፤ ከመካከላቸውም እንዝርት ሲዞር እያዩ ያደጉ አይጠፉም። በመንትያ ከተሞቹ በክፍያ የሚቀሰመው ትምህርት፣ እነርሱ ዘንድ ከጓዳ የወጣ ዕውቀት ነው። ልጆቻቸው እንዝርቱን የሚረከቡት ግን እናቶቹ እያሉ ከጠየቁ ብቻ ነው።