በካርቱም ሙቀት የቤት ማቀዝቀዣን ከሩቅ መቆጣጠር ምን ይጠይቃል?

ከሥራ ቦታ ሆኖ በስልክ የቤትን አየር ማቀዝቀዣ ማስነሳት በብዙ የዓለም ከተሞች የተለመደ ሆኗል። በግንቦት ወር የቀን ሙቀቷ በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፈው ካርቱም ግን ጉዳዩ ከምቾት በላይ ነው። ለአዛውንቶች፣ ለሕጻናት እና ለሕሙማን ቀዝቃዛ ክፍል የጤና ጉዳይ ነው።

ይሁንና ከስልኩ ጀርባ ረጅም ሰንሰለት አለ። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህ ሰንሰለት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚበጠስ አሳይቷል።

ትዕዛዙ በየት በኩል ያልፋል?

በኢንተርኔት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ወይም የሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታት) ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል። ከስልክ የሚላከው ትዕዛዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ አምራቹ ድርጅት ሰርቨር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ነባር ማቀዝቀዣዎችን ደግሞ የሪሞታቸውን ጨረር አስመስሎ የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ በመግጠም ከሩቅ ማዘዝ ይቻላል።

ሰርቨሩ በድርጅቱ እጅ በመሆኑ የመጨረሻው ውሳኔም የድርጅቱ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2011 ለገበያ የቀረበው ኔስት የተሰኘው ቴርሞስታት ለዚህ ምሳሌ ነው። የምርቱ ባለቤት ጉግል በጥቅምት 2025 ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች የሚሰጠውን ድጋፍ አቋርጧል። መሣሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ሆነው ይሠራሉ፤ በስልክ ግን አይታዘዙም።

የውሃው ማቀዝቀዣ

በካርቱም በርካታ ቤቶች የሚቀዘቅዙት ነዋሪዎች 'ሙከይፍ ሞያ' በሚሉት የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። አነስተኛ ፓምፕ የማቀዝቀዣውን ጎኖች በውሃ ያረጥባል፤ ማራገቢያው ደረቁን የውጭ አየር በእርጥቡ ጎን በኩል ይስባል። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ወደ ክፍሉ የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል።

ይህ ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ካለው በእጅጉ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። በክረምቱ ዝናብ አየሩ ሲረጥብ ግን አቅሙ ይዳከማል። ከሩቅ ለማስነሳትም የራሱ ችግር አለው፤ ውሃ ካለቀ ማራገቢያው ሙቅ አየር ይነፋል፣ ፓምፑም ያለ ውሃ እየሠራ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ማብሪያውን ብቻ ሳይሆን የውሃውን መጠንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከባሕር ማዶ የሚሞላ ቆጣሪ

በካርቱም ይበልጥ የሚታወቀው 'የርቀት መቆጣጠሪያ' ቴርሞስታት ሳይሆን የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው። ደንበኛው ኤሌክትሪክ አስቀድሞ ይገዛል፤ 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ይደርሰዋል፤ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ሲያስገባ ኃይሉ ይሞላል።

ግዢው 'ባንከክ' በተሰኘው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ስለሚፈጸም፣ የሱዳን የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው ሪያድ ወይም ዶሃ ሆኖ ለወላጆቹ ቤት ኤሌክትሪክ መግዛት ይችላል። ቁጥሩን በመልዕክት ይልካል፤ ቤት ያለው ሰው ያስገባል፤ ማቀዝቀዣው ይነሳል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ጦርነቱ እያንዳንዱን የሰንሰለቱን ቀለበት መትቷል። በካርቱም የኤሌክትሪክ መስመሮች ወድመዋል፤ ትራንስፎርመሮች እና የመዳብ ገመዶች ተዘርፈዋል። በጥር 2016 ዓ.ም መጨረሻ የስልክ እና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጥ፣ ሰዎች ገንዘብ የሚላላኩበት መተግበሪያም አብሮ ቆሟል።

1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመረዌ ግድብም አልተረፈም። በጥር 2017 ዓ.ም የኃይል ማሠራጫው በድሮን ተመትቶ ኦምዱርማንን ጨምሮ በርካታ አካባቢዎች ጨለማ ውስጥ ገብተዋል። ቆጣሪው ውስጥ የተከፈለበት ሒሳብ ቢኖርም መስመሩ ኃይል ከሌለው ፋይዳ የለውም።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኃይል እና ኢንተርኔት በሚቆራረጡባቸው የቀጣናው ከተሞች እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። ኢንተርኔት ሲጠፋ በእጅ ይሠራል? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የነበረበትን መቼት ያስታውሳል? ኮምፕረሰሩን ወዲያው ከመነሳት የሚያዘገይ፣ ከኃይል መዋዠቅም የሚከላከል መሣሪያ አለው?

ሰዓት ቆጣሪ ያለው ተራ ማብሪያ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ማቀዝቀዣን በተወሰነ ሰዓት ያስነሳል። የውሃ ማቀዝቀዣ ኃይል ቆጣቢ በመሆኑ በጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ለማንቀሳቀስ ይቀላል። 'ጃሉስ' በሚባለው የጭቃ ግንባታ የተሠሩት የከተማዋ ነባር ቤቶች ወፍራም ግድግዳ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያዘገያል፤ ለዚህም ቆጣሪም ሆነ መተግበሪያ አያስፈልገውም።