ያውቁ ኖሯል? የተገለበጠው ዓሣ የሚለን

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአደገኛ ኬሚካሎች ያወጣቸው ምልክቶች 9 ናቸው፤ ሁሉም በጫፉ የቆመ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው አራት ማዕዘን ውስጥ ተስለዋል። የራስ ቅልና ሁለቱን አጥንት የማያውቅ የለም። ችላ የሚባለው የደረቀ ዛፍና የተገለበጠ ዓሣ ያለበት ነው፤ ኬሚካሉ ውኃ ውስጥ ከገባ ፍጥረቱን ይጎዳል ማለት ነው።

ጣና ዳር ደግሞ ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት እሱ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከምንመገበው ነጭ ዓሣ መካከል ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉ። አንዳንዶቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት በጉማራ ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ። ጉማራ የሚያልፈው በፎገራ ሜዳ ነው፤ ያኔ ሩዙ ማሳ ላይ ነው፣ የአረምና የተባይ ማጥፊያ የያዘው መርጫም ጀርባ ላይ።

በፀረ ተባይ ጠርሙስ ግርጌ የሚታየው ባለ ቀለም መስመርስ? ቀይ እጅግ መርዛማ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያለ ይቀንሳል። ግን ልብ ይበሉ፦ ቀለሙ የሚነግረን ሰውን በአጣዳፊ የመመረዝ አቅሙን ብቻ ነው። አረንጓዴ መስመር ያለው ጠርሙስ የዓሣውንም ምልክት ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው ምልክትም መስመርም ስለሌለው አይግዙት። ባዶውን ጠርሙስ 3 ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ይብሱት፣ ለውኃ መቅጃ እንዳይውል። መርጫውንም ወንዝ ወርደው አይጠቡ።