ድልድይ ሲሠራ ወንዙም ይታሰባል



በሰፈራችን በእህል በረንዳ የሚራገፈው የጎጃም ጤፍ መርካቶ ከመድረሱ በፊት ዐባይን መሻገር አለበት። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዐባይ በረሃ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በዚያ ያለው ድልድይ ቢሰናከል የነጋዴው ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የእናቶቻችንም መሶብ ይጎድላል። ስለዚህ የድልድይ አሠራር ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ስፍራ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው።

መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምሰሶዎቹ የት እንደሚቆሙ ነው። «ዐባይ ማደሪያ የለው፤ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለእርሱ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በክረምት ሙላት ውሃው ግንድ እያላጋ ከምሰሶው ጋር ያጋጫል፤ በዙሪያው እየተሽከረከረም ከሥሩ ያለውን አፈር ይቦረቡራል። ብዙ ድልድዮች የወደቁት ከላይ በተጫናቸው ሸክም ሳይሆን ከሥር በቦረቦራቸው ውሃ ነው። በህዳሴ ድልድይ በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል 145 ሜትር ክፍት ተትቷል፤ ወለሉንም ከምሰሶዎቹ ራስ የተወጠሩ የብረት ገመዶች ያግዙታል። ምሰሶ ሲያንስ ወንዙም መንገዱን አያጣም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንግዲህ 303 ሜትር የሆነው በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል ማለት ነው። መፈናፈኛ ካልተተወለት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው የአካባቢው ደኅንነት ነው። የተቆፈረ አፈር ወደ ወንዝ ቢደፋ ውሃው ይደፈርሳል፤ የሲሚንቶ እጣቢ ዓሣ ይገድላል፤ ዛፉ የተመነጠረ ዳገትም ተንሸራትቶ መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ አፈሩ የሚከመርበት ቦታ አስቀድሞ ይመረጣል፤ እጣቢው በጉድጓድ ይጠራቀማል፤ የተራቆተው መሬት በሣርና በዛፍ ይሸፈናል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጉዳቱ ሥራው ሳይጀመር እንዲመረመር ደነገገ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም በባሕር ዳር የተመረቀው የዐባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የቆመውም ዐባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ፥ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም በመዘገበው የጣና ሐይቅ ጥብቅ ስፍራ አካባቢ ስለሆነ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ይገባዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ትምህርቱ ለሰፈራችንም ይሠራል። በትንሹ ድልድይ ሥር ፌስታልና ጥራጊ ሲከማች የክረምቱ ጎርፍ መውጫ አጥቶ ወደ ሱቅና ወደ ቤት ይገባል። ታላቁን ድልድይ መሥራት ለጊዜው ባንችል፥ የትንሹን ሥር ከጥራጊ መጠበቅ ግን ዛሬውኑ ከእጃችን ነው።